ቆረቆንዳው በአንድ በኩል፣ ፍሬው በሌላ፦ አሮጌ የበቆሎ መፈልፈያ ላላቸው አንባቢዎች

ለዚህ እትም ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ አንድ ዕቃ ናቸው፦ ከመጋዘን ጥግ ወይም ከቆራሌው ጋሪ ላይ ስለተገኘ፣ በእጅ ስለሚዞር የጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ማሽን። የቀደሙት ሰዎች በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ይሉት ነበር፤ መፈልፈያውም እንደ እህሉ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

«አያቴ ከዚራ ባለው ቤታቸው መጋዘን ውስጥ ማኖቬላ (የእጅ ማዞሪያ) እና ትልቅ ጎማ ያለው ከባድ ማሽን ትተዋል። አጎቴ የቡና መፈልፈያ ነው ይላል፤ እናቴ የበቆሎ ነው ትላለች። ምንነቱን፣ አገሩንና ዕድሜውን እንዴት ማወቅ ይቻላል?»
አንባቢ፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

ክርክሩን የሚፈታው መውጫው ነው። የበቆሎ መፈልፈያ አንድ መግቢያና ሁለት መውጫ አለው። ፍሬው ከሥር ይወርዳል፤ ባዶው ቆረቆንዳ ደግሞ በጎን ወይም በጫፍ በኩል ለብቻው ይወጣል። ቀጥለው የስልክዎን መብራት አብርተው በአፉ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ሦስት ነገር ማየት አለብዎ፦ ፊቱ ላይ እንደ ብጉር የወጡ ጥርሶች ያሉት የቆመ ዲስክ፣ ከጎኑ በቆሎውን እያሽከረከረ ወደ ታች የሚስብ አነስተኛ ጥርሳም ጎማ፣ ከፊት ለፊታቸው ደግሞ በሞላ የሚገፋ ሸካራ ሳህን። ይህን ሳህን ከዚህ በኋላ «ተጫኙ ሳህን» እንለዋለን፤ ማሽኑ ሲበላሽም ሲሠራም ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ እሱ ጋ ነው።

ከእሱ ጋር የሚምታቱ ሦስት ማሽኖች አሉ። የገለባ መቁረጫ ትልቁ ጎማ ላይ የታጠፈ ስለት አለው፤ ስለቱ ወልቆ ጠፍቶ ቢሆን እንኳ የታሰረበት የብሎን ቀዳዳ ክንዶቹ ላይ ይታያል። የእጅ ወፍጮ ፊት ለፊት የተጋጠሙ ሁለት ባለ ቦይ ሳህኖች አሉት፤ አፉም ፍሬ እንጂ ሙሉ በቆሎ አያስገባም። የእሸት ቡና መፈልፈያ ደግሞ በመዳብ ወይም በናስ ቆርቆሮ የተሸፈነ ከበሮ ወይም ዲስክ አለው። የሐረር ቡና ከነልባሱ ፀሐይ ላይ የሚደርቅ በመሆኑ እሸት መፈልፈያ በዚህ አገር ብዙ ሥራ የለውም። የአጎትዎ ግምት በዚህም በኩል አይጠነክርም።

አገሩን ለማወቅ መጀመሪያ ጽሑፉን ማንበብ ነው፤ ለማንበብ ሲሉ ግን አይፋቁ። ላዩን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ብቻ ያራግፉ። ማታ መብራት አጥፍተው ባትሪውን ከጎን፣ ከብረቱ ጋር ሊነካካ ሲል ዝቅ አድርገው ይያዙ፤ ቀን የማይታይ ፊደል በጥላው ይነሣል። ካልበቃ ጠመኔ በጣትዎ አሽተው ካበጡት ፊደላት አናት ላይ ይዳብሱት፤ ወይም ስስ ወረቀት ለጥፈው በከሰል ይሹት። ፎቶ አንሥተው ጠመኔውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት።

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ስለዚህ ፈረንሳይኛ የተጻፈበት ጊዛ ከዚራ ውስጥ ቢገኝ አይገርምም። በፈረንሳይ ዕቃ ላይ «ብሬቭቴ» ከሚለው ቃል ወይም አጽሕሮቱ ቀጥሎ «ኤስ ዤ ዴ ዤ» (S.G.D.G.) የሚሉ አራት ፊደላት ካገኙ የፋብሪካ ስም እንዳይመስልዎ። «የመንግሥት ዋስትና የሌለው» የሚል የፈጠራ መብት ማስታወቂያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1844 እስከ 1968 በሥራ ላይ የነበረ ሕግ ያመጣው ነው። ስለዚህ ዕቃው ከ1968 በኋላ የተሠራ እንዳልሆነ ይነግርዎታል፤ ከዚያ የጠበበ ዕድሜ ግን አይሰጥዎትም። «ብሬቬታቶ» ከሆነ ጣሊያንኛ ነው። ከእንግሊዝ ከመጣ «ኢፕስዊች» (ራንሶምስ፣ ሲምስ እና ጄፍሪስ)፣ «ኧርልስ ኮልን» (ሀንት) ወይም «ሄይብሪጅ፣ ማልደን» (ቤንታል) የሚሉ የከተማ ስሞችን ይፈልጉ።

አንድ ወጥመድ አለ። «ማርሴይ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መፈልፈያ አይተው ፈረንሳይ ነው ብለው እንዳይደመድሙ። አሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ በዚሁ ስም የምትጠራ ከተማ አለች፤ እዚያ የተመሠረተውና ኋላ በጆን ዲር ሥር የገባው ኩባንያ ዋና ሥራው የበቆሎ መፈልፈያ ነበር። «ማኮርሚክ-ዲሪንግ» የሚል ካለ ደግሞ ሁለቱ ተፎካካሪዎች ተዋህደው ኢንተርናሽናል ሃርቬስተርን ከመሠረቱበት ከእ.ኤ.አ. 1902 ወዲህ የተሠራ ነው። ዓለማያ ላይ የእርሻ ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ (በወቅቱ ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ) እገዛ የተቋቋመ ስለሆነ በሐረርጌ የአሜሪካ የእርሻ መሣሪያ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም።

ምንም ጽሑፍ ከሌለ ብሎኑን ይጠይቁት። ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው የእንግሊዝ (ዊትዎርዝ) ብሎን በአንድ ኢንች ርዝመት 12 ጥርስ አለው፤ የአሜሪካው 13። አንድ ኢንች (25.4 ሚሊ ሜትር) በወረቀት ላይ አስምረው ጥርሱን ይቁጠሩ። በሩብ፣ በአምስት አሥራ ስድስተኛና በሦስት ስምንተኛ ኢንች ግን ቁጥሩ በሁለቱም አገሮች አንድ ስለሆነ እነሱን ቆጥረው አይድከሙ። ፈረንሳይና ጣሊያን በሚሊ ሜትር ይሠራሉ። ብሎኑ ኋላ የተቀየረ ሊሆን ስለሚችል ቢያንስ ሦስት ቦታ ይቁጠሩ፤ ማንም የማይነካው የውስጥ ብሎን ምስክርነቱ የበለጠ ይታመናል።

«ብላክ ሆክ የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ መፈልፈያ ሊሸጡልኝ ነው። ደላላው ላዩ ላይ የተጻፈውን ቀን እያሳየ ‹ከአድዋ በፊት የተሠራ ነው› ይላል። ዋጋው ተገቢ ነው?»
አንባቢ፣ ከጁገል፣ ሐረር

ዋጋውን እርስዎና ደላላው ተነጋገሩበት፤ ቀኑ ግን የተሠራበት ቀን አይደለም። የፈጠራ መብቱ የተሰጠበት ቀን ነው። ብረቱ የሚፈስበት ቅርጽ አንዴ ከተቀረጸ በኋላ ፋብሪካው ያንኑ ጽሑፍ ለብዙ ዓመታት እያፈሰሰበት ይቀጥላል። ስለዚህ «ከዚህ ቀን በፊት አልተሠራም» ይላል እንጂ «በዚህ ቀን ተሠራ» አይልም።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 1927 ድረስ ቀኑን መጻፍ በቂ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሕጉ የመብቱን ቁጥር ይጠይቃል። ቀን ብቻ ያለበት ቅርጽ እንግዲህ ከ1927 በፊት የወጣ ነው ብሎ መገመት ያስኬዳል። ቁጥር ካለበት ደግሞ እንዲህ ያስሉ፦ 1,000,000ኛው መብት የተሰጠው በ1911 ነው፤ 2,000,000ኛው በ1935። በ1,400,000 አካባቢ ያለ ቁጥር በሁለቱ መሐል ይወድቃል ማለት ነው።

በየክፍሉ ላይ የሚታዩት ሁለትና ሦስት አኃዝ ያላቸው ቁጥሮች ወይም ፊደል የቀደማቸው ቁጥሮች (ለምሳሌ «ኤ 12») ዓመተ ምሕረትም የሞዴል ስምም አይደሉም። የመለዋወጫ ቁጥሮች ናቸው። ዲስኩ ላይ ያለው ፊደል ከጎማው ፊደል ጋር የማይመሳሰል ከሆነ ግን ማሽኑ ከሁለት የተገጣጠመ ሊሆን ስለሚችል ጠጋ ብለው ይዩ።

ብላክ ሆክን የሚሠራው የኤ. ኤች. ፓች ፋብሪካ ቴነሲ ግዛት ክላርክስቪል ከተማ ነበር። በዚያው ስም የእጅ ወፍጮም ሠርቷል፤ ስለዚህ ስሙን ብቻ አይተው አይግዙ፣ የቆረቆንዳ መውጫውን ይፈልጉ። ይህ ዓይነት እግር የለውም፤ በሣጥን ጠርዝ ላይ በመቆንጠጫ ይታሰራል። መቆንጠጫው ከሌለ ያለ እሱ አይሠራምና ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። ማኖቬላውን ይዘው ሩብ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ ያድርጉት። ጥርሶቹ የተሰበሩ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ «ቋ» ብሎ ይዘላል።

«ማሽኑ አልዞር ብሏል። ቧንቧ ማኖቬላው ላይ ሰክተን ልናስገድደው ነበር፤ መዶሻም ሞክረናል።»
አንባቢ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ቧንቧውንም መዶሻውንም ያስቀምጡልን። ጊዛ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። የጎማው ክንዶች ፈስሰው ሲቀዘቅዙ ጀምሮ ውስጣቸው ውጥረት ያድራል፤ ጠርዙ ላይ በመዶሻ ሲመታ ክንዱ እምብርቱ ዘንድ ይሰነጠቃል። ማኖቬላውም በቧንቧ ሲገፋ አራት ማዕዘን በሆነው ቀዳዳው ጥግ ላይ ይለቃል። የዛገውን ማላቀቅ ይቻላል፤ የተሰበረ ማኖቬላ መለዋወጫ ግን ገበያ ላይ የለም።

ከዝገቱ በፊት እንቅፋት ይፈልጉ። አልዞር ካሉ መፈልፈያዎች ብዙዎቹ የያዛቸው ከዓመታት በፊት ተቀርቅሮ የቀረ ቆረቆንዳ ወይም የአይጥ ጎጆ ነው። የተጫኙን ሳህን ሞላ የሚያጠብቀውን ዳዶ ያላሉ፤ ሳህኑ ወደ ኋላ ሲል የተቀረቀረውን በሽቦ ጎትተው ያውጡ። ዳዶውን ከማላላትዎ በፊት ከብሎኑ ጫፍ እስከ ዳዶው ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለክተው ይጻፉ፤ መልሰው ሲገጥሙ መነሻዎ እሱ ነው።

ከዚያ ዘይቱ። የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ይቀላቅሉ። ሁለቱ ስለሚለያዩ በተጠቀሙ ቁጥር ጠርሙሱን ይወዝውዙ። አሴቶን ቶሎ ስለሚተን ክዳኑ ይጠበቅ፤ እሳትና ሲጋራ አይቅረብ። አሴቶን ካጡ ናፍታና ንጹሕ የሞተር ዘይት እኩል ቀላቅለው ይጠቀሙ፤ ይዘገያል እንጂ ይሠራል። ዘንጉ በሚያልፍበት ኩሽኔታ አናት ላይ ያለውን የዘይት ቀዳዳ ያግኙ። አብዛኛውን ጊዜ በአቧራና በደረቀ ግራሶ ተደፍኖ ጉድጓድ እንኳ አይመስልም፤ በሽቦ ይውጉት። ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ጠብታ፣ ለአንድ ሳምንት። በየጊዜው ዘንጉን በእንጨት መዶሻ ወይም እንጨት አስደግፈው ጫፉ ላይ ቀስ ብለው ያንኳኩት፤ ዓላማው ማንቀጥቀጥ እንጂ መምታት አይደለም።

በሳምንቱ ጎማውን በሁለት እጅ ጠርዙን ይዘው ያወዛውዙት። የአንድ ጣት ስፋት ከተንቀሳቀሰ አልፏል። ወደ አንድ አቅጣጫ አያስገድዱት፤ ወዲያና ወዲህ እያሉ በየቀኑ ያስፉት። ከኩሽኔታው ጠርዝ ቡና የሚመስል ዘይት ሲወጣ ዝገቱ እየታጠበ ነው፤ ዘይቱ ጠርቶ እስኪወጣ ይጨምሩ። አሁንም እምቢ ካለ የፈላ ውኃ ኩሽኔታው ላይ ቀስ እያሉ ያፍስሱና እንደሞቀ ይሞክሩ። አሴቶን የነካውን ግን በነበልባል እንዳያሞቁ።

ብሎን የሚቀይሩ ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ። የአምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች ቀዳዳ ውስጥ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን ሁለት ሦስት ዙር ይገባል፤ ውፍረታቸው አንድ ሊባል ይችላልና። ከዚያ ይጠብቃል። ሰው «ዝገት ነው» ብሎ በቁልፍ ሲገፋው የጊዛው ጆሮ ይፈነዳል። በጣትዎ እስከ መጨረሻው የማይገባ ብሎን የእሱ ብሎን አይደለም።

«ዝገቱን በግራይንደር ብሩሽ አጥርተን ብርማ ቀለም ልንቀባው ነው። የትኛው አንቲረስት ይሻላል?»
አንባቢ፣ ከሸዋ በር አካባቢ፣ ሐረር

ባይቀቡት ይሻላል። የግራይንደር ብሩሽ ዝገቱን ብቻ አያነሣም። የፋብሪካውን ቀለም፣ በቅርጽ ወረቀት የታተመውን ስምና የፊደላቱን ጠርዝ አብሮ ይበላል። ብርማ ቀለም ደግሞ የቀረውን ይሸፍናል። ብዙ አሮጌ ማሽን ያጠፋው ዝገት አይደለም፣ ማሳመር ነው።

ደግሞ የጤናም ጉዳይ አለ። የድሮ የማሽን ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ አቧራው ለልጆች መርዝ ነው። የሚላላጠውን ቀለም ብቻ በውኃ አርሰው፣ ከሥሩ ላስቲክ ዘርግተው፣ በእጅ ያንሡ። ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉ። ዶሮም ልጅም እዚያ አይዋል።

ቀለም ያለበትን ክፍል በላምባ በታጠበ ጨርቅ ጠርገው ይተዉት። ቀለሙ ጨርሶ የጠፋና የዛገ ክፍል ከሆነ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ሞላሰስ ነው፤ ከብት አድላቢዎች የሚጠቀሙበት ያው ጥቁሩ። አንድ እጅ ሞላሰስ ለዘጠኝ እጅ ውኃ፦ 4 ሊትር ለ36 ሊትር። እንጨቱን፣ ናሱን፣ ዚንክ የተቀባውንና ነጭ ብረት (ለስላሳ የኩሽኔታ ቅይጥ) የፈሰሰበትን ኩሽኔታ አውጥተው ጊዛውን ብቻ ሙሉ በሙሉ ይንከሩት፤ ግማሹ ከውኃው ከወጣ በመስመሩ ላይ ይበላል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል። በየአራት ቀኑ አውጥተው በፕላስቲክ ብሩሽ ይሹት። ይሸታል፣ ዝንብ ይሰበስባል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ይፈላል፣ ስለዚህ ክዳኑን አጥብቀው አይዝጉ። ፍየልም እንዳይደርስበት።

ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ነው፤ ሳምንታቱን ወደ አንድ ቀን ያሳጥራል። 60 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ 15 የሾርባ ማንኪያ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ያሟሙ። ሶዳ አሽ ሲባል የቱቦ ማጽጃው ኮስቲክ ሶዳ እንዳይመስልዎ፤ እሱ ቆዳ ያቃጥላል። አራት ቁራጭ ፌሮ በበርሜሉ ግድግዳ ዙሪያ አቁመው በሽቦ ያገናኙ። ዕቃውን መሐል ላይ ያንጠልጥሉ፤ ፌሮውን እንዳይነካ። የ12 ቮልት የባትሪ ቻርጀር ኔጌቲቩ ከዕቃው፣ ፖዘቲቩ ከፌሮው ጋር ይያያዝ። ከተገለበጠ የሚበላው ማሽንዎ ነው። ከዕቃው ላይ ጥቃቅን አረፋ መነሣት ከጀመረ በትክክል ተያይዟል። በፌሮው ፋንታ የማይዝግ ብረት የሚያስገቡ አሉ፤ ውኃውን በመርዛማ ክሮሚየም ይበክላልና ፈጽሞ አይሞክሩት። አረፋው የሚቃጠል ጋዝ ስለሆነ ሥራው በረንዳ ወይም ግቢ ላይ ነው፤ ሽቦ ከመንቀልዎ በፊት ቻርጀሩን ያጥፉ። መብራት ቢጠፋ አይጨነቁ፤ ዕቃው ሶዳው ውስጥ ቢያድር አይጎዳም። ይህ መንገድ ግን ቀለምንም እንደሚያነሣ አይርሱ።

ከሁለቱም በኋላ ዋናው ነገር ፍጥነት ነው። የታጠበ ጊዛ በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱካናማ ይሆናል። ታጥቦ ወዲያው ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ እጅ ማስቀመጥ እስኪያቅት ይሙቅ። ከዚያ ሰሙ። 100 ግራም የንብ ሰም በ350 ሚሊ ሊትር ተርፔንታይን፤ መያዣውን የፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ማቅለጥ ነው፣ እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም። በትኩሱ ብረት ላይ በጨርቅ ስስ አድርገው ያዳርሱ፣ ሲቀዘቅዝ ይወልውሉት። ድሬዳዋ ላይ በዓመት አንዴ ይበቃል። ሐረር ላይ ግን ሰኔ ውስጥ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ከዚያም መስከረም ላይ ይድገሙት።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ እኛ አንመክርም። ጥቀርሻና አሲድ አለበት፣ አቧራ ይይዛል፣ እንጨት ከነካ አይለቅም፤ በቆሎ ካሳለፉበትም ወደ ፍሬው ይገባል።

«የመግቢያው ከንፈር ተሰንጥቋል። በያጁ በየደው፤ በማግስቱ አጠገቡ ሌላ ስንጥቅ ወጣ።»
አንባቢ፣ ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ

ተራ የብረት ኤሌክትሮድ ተጠቅሞ መሆን አለበት። ጊዛ ካርቦን የበዛበት ስለሆነ ብየዳው ዳር ያለው ቀጭን መስመር በድንገት ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ይጠነክራል። ጎኑ ያለው ብረት ሲኮማተር ያ መስመር አብሮ መሳብ አይችልም። ሥራው ካለቀ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የምትሰማው «ቲክ» የምትል ድምፅ እሷ ናት።

ስንጥቁ የት እንደሚያልቅ አሁን ይፈልጉ። ላምባ ይቀቡት፣ አሥር ደቂቃ ቆይተው በደንብ ጠርገው ያድርቁት፣ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት ይነስንሱበት። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ላምባ ወጥቶ ዱቄቱ ላይ ጥቁር ክር ይሠራል። በዚያ ክር ሁለት ጫፍ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳ፤ ከዚያ ወዲያ አይሮጥም።

ከንፈሩ ጭነት ስለማይሸከም ለማቆየት ብቻ ከሆነ ብየዳ አያስፈልገውም፤ ከውስጥ በኩል ላሜራ አስደግፎ በሁለት ትናንሽ ብሎን መያዝ ይበቃል፤ ወደፊት ሊነሣም ይችላል። መበየድ ግድ ከሆነ በናስ ብየዳ ወይም በኒኬል ኤሌክትሮድ ይሁን። ስንጥቁ በሞረድ እንደ ቦይ ይከፈት፤ ክፍሉ በሙሉ በከሰል ቀስ ብሎ እስከ 250 ወይም 300 ዲግሪ ይሙቅ፤ በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይበየድና እንደሞቀ በትንሽ መዶሻ ይደብደብ። ሲያልቅ ደረቅ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ይደር። ውኃ የሚደፋበት በያጅ ካገኙ ዕቃዎን ይዘው ይሂዱ።

«የእንጨቱ ሣጥን ውስጡ ዱቄት ይወጣዋል፤ እግሮቹን ደግሞ ምስጥ በልቷቸዋል።»
አንባቢ፣ ከመጋላ፣ ድሬዳዋ

ምስጡ ከመሬት ነው የሚመጣው፤ እግሮቹን ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጡብ ላይ ያውጡና ከግድግዳው አንድ ክንድ ያርቁት። ነቀዙ ግን እንጨቱ ውስጥ ነው ያለው። ዱቄቱን ጠርገው ከሥሩ ጥቁር ወረቀት ያንጥፉ፤ በሁለት ሳምንት አዲስ ዱቄት ካልወደቀ ሞቷል፣ ምንም አያድርጉ። ከወደቀ ጊዛውን ፈትተው ሣጥኑን በጥቁር ላስቲክ አየር ሳያስገቡ ጠቅልለው የድሬዳዋ ፀሐይ ላይ ያውሉት። መሐሉ 55 ዲግሪ ደርሶ አንድ ሰዓት ከቆየ ትሉ አይተርፍም። ላስቲኩ ጠበቅ ያለ ይሁን፤ ካልሆነ እንጨቱ ደርቆ ማጋጠሚያው ይከፈታል።

የበላውን እግር ከመጣል ጥሩውን ክፍል ትቶ ከታች አዲስ መቀጠል ይመረጣል። ለእንጨቱ የፈላ የተልባ ዘይት በተርፔንታይን እኩል አቅጥነው አንድ እጅ ይቀቡ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ያልጠጣውን ይጥረጉ። የጠረጉበትን ጨርቅ ጨብጠው ጥግ እንዳይጥሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨበጠ ጨርቅ በዚህ አገር ሙቀት ላይ ራሱ እሳት ይነሣዋል። ዘርግተው አድርቀው ይጣሉት። የማኖቬላው የእንጨት እጀታ በእጅ ብዛት ለስልሶ ከሆነ ፈጽሞ አይፈግፍጉት።

«ይዞራል፤ ነገር ግን ግማሹን ፍሬ ቆረቆንዳው ላይ ትቶ ግማሹን ይሰብራል።»
አንባቢ፣ ከሐረር ዙሪያ

ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ላይ ከመጡ ግን በቆሎው አልደረቀም። ንፁሕ ደረቅ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን በፍሬ ሞልተው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨምሩ፣ አንድ ደቂቃ ወዝውዘው ሩብ ሰዓት ያቆዩት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። አስጥተው ይመለሱ።

ከደረቀ በኋላ ማስተካከያው የተጫኙ ሳህን ሞላ ነው። ዳዶውን ፍሬ እስኪተው ድረስ ያላሉ፤ ከዚያ በግማሽ በግማሽ ዙር እያጠበቁ፣ በየጊዜው ሦስት በቆሎ እያሳለፉ ይሞክሩ። ቆረቆንዳው ሳይደቅ ጠርቶ ሲወጣ እዚያ ያቁሙ። ሰው ብዙ ጊዜ ከዚያ አልፎ ያጠብቃል፤ ያኔ ቆረቆንዳው ይፈረፈራል፣ ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ክንድም ይዝላል። የማዞሪያውን አቅጣጫም ይዩ፦ የዲስኩ ጥርሶች ከአፉ ወደ ታች መሳብ አለባቸው። በቆሎው ወደ እጅዎ ተመልሶ የሚዘል ከሆነ በተቃራኒው አቅጣጫ እያዞሩት ነው። እጅዎ የቱንም ያህል ቢቸኩል ጣት በቆሎውን ተከትሎ አፉ ውስጥ አይግባ፤ ጎማው በራሱ ክብደት ስለሚዞር እጅዎን ከማኖቬላው ቢያነሡም አይቆምም።

ለምግብ የሚሆን በቆሎ ከማሳለፍዎ በፊት ፍሬው የሚነካው ቦታ ሁሉ ከልቅ ቀለምና ከዝገት መጽዳቱን ይዩ፤ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ኪሎ ለሰውም ለከብትም ሳይሰጡ ይጣሉት።

«ውጭ አገር ላለ ወንድሜ ልልክለት እችላለሁ?»
አንባቢ፣ ከሐረር

መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ዕቃዎ ቅርስ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስነው ደግሞ እርስዎ ወይም አጓጓዡ አይደላችሁም። የሁሉንም አቅጣጫ ፎቶ፣ የጽሑፎቹን ቅርብ ምስልና ከማን እንደወረሱት የሚገልጽ አንድ ገጽ ይዘው ይቅረቡ።

«በዚሁ ማሽን ማሽላ መፈልፈል ይቻላል?»
አንባቢ፣ ከድሬዳዋ

አይቻልም። ጥርሶቹ የሚይዙት ጠንካራ ቆረቆንዳ ይፈልጋሉ፤ የማሽላ ራስ ይጨማለቅና ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። የቀድሞ ባለቤቱ ሞክሮት ከሆነ ከኩሽኔታው ጀርባ የተጠመጠመ ጭድ ያገኛሉ፤ በቢላዋ ሳይሆን በመንጠቆ ይሳቡት።